በሥራ ቦታ የሚነገር እንግሊዝኛና የስሕተት መጻሕፍት

የእንግሊዝኛ መምህራን ከሚገለገሉባቸው መጻሕፍት መካከል ፊቲኪዴስ ያዘጋጀውና በ1936 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የተለመዱ ስሕተቶች መጽሐፍ ረዥም ዕድሜ ያለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ስሕተቱን «እንዲህ አትበል» ብሎ ያስቀምጥና «እንዲህ በል» ሲል ያርመዋል። ለማመሳከሪያ የሚመች በመሆኑ መምህሩ ቢወደው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ መጽሐፍ የንግግር ትምህርት መመሪያ ሆኖ ሲወሰድ ጉድለቱ ይገለጣል። ስሕተቶችን በቅርጻቸው ይመድባል እንጂ የቱ ስሕተት ሥራን እንደሚያበላሽ አይለይም።

በየመሥሪያ ቤቱ «ዲስከስ አባውት» የሚል ሠራተኛ «ስለ»ን ከአማርኛ ይዞ መምጣቱ ነው። «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ «በት» የሚጨምረውም «ምንም እንኳ» ያለ «ነገር ግን» አልሄድ ብሎት ነው። እነዚህ የአድማጭን ጆሮ ይቆረቁሩ ይሆናል፤ ሐሳቡን ግን አያሳስቱም።

አሉታዊ ጥያቄ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በአማርኛ «ደብዳቤው አልተላከም?» ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ፣ ካልተላከ «አዎ፣ አልተላከም» ይላል፤ አዎንታው የጠያቂውን አባባል ማጽናቱ ነው። ይኸው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቀርቦለት «የስ» ብሎ ዝም ቢል ግን፣ ጠያቂው ደብዳቤው ተልኳል ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል።

የሌላውን ሰው ቃል ማስተላለፍም ከዚህ የባሰ እንጂ የቀለለ አይደለም። አማርኛ የተናጋሪውን መደብ እንዳለ ይጠብቃል። «ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን እከፍላለሁ አሉ» ሲባል ከፋዩ ማን እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም። ይኸው በቀጥታ ተገልብጦ «ዘ ማናጀር ሰይድ አይ ዊል ፔይ» ሲሆን፣ በጽሑፍ ቢሆን ትእምርተ ጥቅስ ባዳነው ነበር፤ በቃል ሲነገር ግን ዕዳው በመልእክተኛው ላይ ይወድቃል። (ሦስት ሰዓትን «ስሪ ኦክሎክ» ማለት የሰዋስው ስሕተት አይደለም የሚል ይኖራል። በስድስት ሰዓት ለተዛነፈ ቀጠሮ ግን ይህ ክርክር አያጽናናም።)

ፒት ኮርደር በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ድንገተኛ የአፍ ወለምታን ከሥርዓት ከሚመነጭ ስሕተት ለይቷል። ከላይ የተጠቀሱት ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ ሠራተኛው ነገም ይደግማቸዋል። ስለዚህ «እንዲህ አትበል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቀርበው ልዩነታቸው መታየት አለበት። የአፋን ኦሮሞ ወይም የሲዳምኛ ተናጋሪ የሚፈጽመው ስሕተትም በአማርኛው ልክ የሚቆረጥ ሳይሆን ለብቻው መጠናት ያለበት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮም በትምህርትነት እንዲሰጥ ደንግጓል። ተማሪው የሚመዘነው ግን በአመዛኙ በምርጫ ጥያቄ ነው። ከአራቱ ፊደላት ትክክለኛውን ያከበበ ተማሪ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን እንኳ በአፉ ሳይለው ሥራ ሊይዝ ይችላል። የማስተማር ልምምድ የሚመዝኑ አሠልጣኞች፣ ሠልጣኙ «ዲስከስ አባውት»ን ስንት ጊዜ እንዳረመ ከመቁጠር ይልቅ፣ ተማሪዎቹን አሉታዊ ጥያቄ በቃል ማስመለሱንና መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፋቸውን ቢመለከቱ ከአሁኑ መመዘኛ የተሻለ ይሆናል።