ርክክብ በፋይል

ጋምቤላ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር የሚይዝ ሰው ከቫይረስ ይበልጥ የሚያሳስበው መብራትና ዝውውር ነው። መብራቱ ሳይነግር ይሄዳል። ባለሙያው ዝውውሩ ሲፈቀድለት ቁልፉን፣ የይለፍ ቃሉንና የንብረት ዝርዝሩን አስረክቦ ይሄዳል፤ የትኛውን ፋይል ለምን እንደነካካ ግን ማንም አይረከበውም። ተተኪውም ሰርቨሩን «እንዳይነካ» ብሎ ይተወዋል፤ ማሽኑ ሳይታደስ ያረጃል።

ኒክስኦኤስ የሚባለውን ሊኑክስ የመረጥኩት ለዚህ ነው። እዚህ ትእዛዝ በትእዛዝ እየጫኑ መሄድ የለም፤ ማሽኑ ምን ሊኖረው እንደሚገባ በአንድ ፋይል ይጻፋል። የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ፣ የግዕዝ ፎንትና ኪቦርድ፣ በላቲን ለሚጻፈው ኑዌርኛ የሚያስፈልጉት ልዩ ፊደላት፣ ተጠቃሚዎቹ፣ ፋየርዎሉ፣ ዳታቤዙ፤ ሁሉም እዚያው ነው። ማሽኑ ቢቃጠል ፋይሉን ለሌላ ማሽን ሰጥቶ ያንኑ ሲስተም መልሶ ማቆም ይቻላል።

ማሽንን በጽሑፍ መግለጽ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማርክ በርገስ በኦስሎ ሲኤፍኢንጂን የሚባለውን መሣሪያ የሠራው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። እነ አንሲብል የሚባሉት መሣሪያዎችም በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። ችግሩ፣ ያለውን ማሽን ወደሚፈለገው ቢያስጠጉም ያልተጠቀሰውን አለመንካታቸው ነው፤ አብረው የተጀመሩ ሁለት ማሽኖች ውለው አድረው ይለያያሉ። ኤልኮ ዶልስትራ በ2003 ጀምሮ በ2006 በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረበው፣ ኒክስኦኤስ የቆመበት ኒክስ ከዚህ ይርቃል። እያንዳንዱ ፓኬጅ በራሱ ማህደር ይቀመጣል፤ የማህደሩ ስም ፓኬጁ ከተሠራባቸው ነገሮች ሁሉ የተሰላ አሻራ አለበት። አንዱ ግብዓት ከተለወጠ ስሙም ይለወጣል፤ አሮጌው ግን ከቦታው አይነሣም።

የመብራቱ ነገር የሚፈታውም እዚህ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር ማሻሻያ እየተጫነ መብራት ከሄደ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሲስተም ይቀራል፤ የሚነሣው በመከራ ነው። ኒክስኦኤስ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ገንብቶ ከጨረሰ በኋላ ጠቋሚውን ብቻ ያዞራል። መሃል ላይ ቢቋረጥ ማሽኑ በትናንትናው ሲስተም ይነሣል። አዲሱ ካልተስማማም ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር የቀድሞውን መምረጥ ነው። አደጋው ቡት ማስነሻው በሚጻፍባት አጭር ጊዜ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ለእሷ ዩፒኤስ ይበቃል።

ደካማ ኔትወርክ ግን ሌላ ፈተና ነው። ፋይሉ ጥቂት ገጽ ቢሆንም የሚጠራቸው ፓኬጆች ብዙ ጊጋባይት ናቸው። ድሮ በባሮ ወንዝ ላይ ወደነበረው የጋምቤላ ወደብ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም የሚደርሱት ወንዙ በክረምት ሲሞላ ነበር፤ ነጋዴው መጋዘኑን ያኔ ካልሞላ በጋውን ባዶ እጁን ይከርም ነበር። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ኔትወርክ ባለበት ከተማ ሙሉውን በውጫዊ ሀርድ ዲስክ ገልብጬ አመጣለሁ፤ ግቢው ውስጥ አንዱን ኮምፒዩተር መጋዘን አደርገዋለሁ፤ ሌሎቹ ከእሱ ይስባሉ። የፓኬጆቹን ትክክለኛ እትም የሚቆልፈው ፋይልም አብሮ ይመጣል። እሱ ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት የሚገነባው ሌላ ሲስተም ነው።

ይህ ሁሉ ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን መረጃ አያድንም፤ ባክአፕ ያው ባክአፕ ነው። የይለፍ ቃልም ፋይሉ ውስጥ በግልጽ አይጻፍም፤ ከፋይሉ የሚገነባው የሚቀመጥበትን የኒክስ መጋዘን ማሽኑ ላይ ያለ ሁሉ ማንበብ ይችላልና። ቋንቋውም ለጀማሪ አይራራም፤ የስህተት መልእክቶቹማ ሰውን ለማባረር የተጻፉ ይመስላሉ! ተተኪው ማንበብ ካልቻለ ርክክቡ የይስሙላ ይሆናል። ስለዚህ ከየመስመሩ አጠገብ ምክንያቱን በአማርኛ እጽፋለሁ፦ ይህ ፖርት ለሂሳብ ክፍሉ የተከፈተ ነው፤ ይህ እትም የተቆለፈው አሮጌው ፕሪንተር አዲሱን ስለማይቀበል ነው፤ ፕሪንተሩ ሲቀየር ይነሣ።