የጥቁር አንበሳው ጥናትና የቴፒ ሕመምተኛ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተሠርቶ በ2020 (እ.አ.አ.) የታተመውን፥ ስለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አጠቃቀም ቁጥጥር የሚናገረውን ጥናት ነው። በአገራችን በተግባር ተፈትኖ የቀረበ ሥራ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ምስጋና ምርመራን አያስቀርምና የታየኝን እገልጻለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋርማሲስቶች በተላላፊ በሽታ ሐኪሞች እየተረዱ የሕመምተኞችን መዝገብ ያያሉ። መድኃኒቱ ያስፈልጋልን? መጠኑስ ልክ ነውን? የሚቆምበት ቀን አልደረሰምን? ብለው ጠይቀው ላዘዘው ሐኪም ምክር ይሰጣሉ። ከምክሮቹ 96 ከመቶው ተቀባይነት አገኙ፤ 54 ከመቶው ደግሞ «ይህ መድኃኒት ይቁም» የሚሉ ነበሩ። በኋላ ቁጥጥሩ ቀረ። በቀረም ጊዜ የመድኃኒቱ አጠቃቀም በ51.6 ከመቶ ጨመረ፤ ሕክምናው ለአንድ ሰው በአማካይ በ4.1 ቀን ረዘመ፤ በሆስፒታሉ ውስጥ የሚሞቱት ሰዎች መጠንም እጥፍ ያህል ሆነ።

የመጀመሪያው ነቀፌታዬ በርእሱ ላይ ነው። ርእሱ ከታዘዙት መድኃኒቶች እኩሌታው አያስፈልግም ይላል። ነገር ግን የምክሮች እኩሌታና የትእዛዞች እኩሌታ አንድ አይደሉም፤ ምክር ያላስፈለገው ትእዛዝም አለና። ሁለተኛው፥ ቁጥጥር የነበረበት ጊዜ የተነጻጸረው ቁጥጥሩ ከቀረ በኋላ ካለው ጊዜ ጋራ ነው፤ ሕመምተኞቹም በዕጣ አልተከፈሉም። በሁለተኛው ጊዜ የገቡት ይበልጥ የጸናባቸው ሆነው እንደ ሆነስ? ስለዚህ የሞቱን መጨመር ሁሉ በቁጥጥሩ መቅረት ማሳበብ አይቻልም። የመድኃኒቱ አጠቃቀም መጨመር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚታመን ይመስለኛል፤ ጠያቂው ሲሄድ ልማዱ ተመለሰ ማለት ነውና።

እኔ ያደግሁት ቴፒ ነው። አገሩ የቡናና የወባ አገር ነው። በቡና ለቀማ ጊዜ የመጣ ሠራተኛ ትኩሳት ሲይዘው ደሙ ለወባ ይታያል፤ ወባ ከታጣ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት ላቦራቶሪና ሁለት ሦስት ቀን ያስፈልጋል፤ ሠራተኛው ደግሞ የቀን ዋጋው ይቀርበታል። በቤታችንም የተረፈ የአሞክሲሲሊን ካፕሱል በስኒ ተከድኖ ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ይቀመጥ ነበር፤ ዱቄቱን በወንድሜ ቁስል ላይ የነሰነስሁት እኔው ራሴ ነኝ። በጊዜው ብልኀት መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ የጎደለና ያለቦታው የዋለ መድኃኒት ባክቴሪያው እንዲላመደው ያደርጋል። ፍሌሚንግ መጠኑ ያነሰ ፔኒሲሊን ይህን እንደሚያስከትል በ1945 አስጠንቅቆ ነበር።

እንግዲህ የጥቁር አንበሳው አሠራር እንዳለ ወደ ቴፒ ይሄዳልን? አይሄድም። በዚያ ምክር የሚሰጡ የተላላፊ በሽታ ስፔሺያሊስቶች አሉ፤ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይህን መጠበቅ ከንቱ ነው። አንዳንዶች ደግሞ «ላቦራቶሪ በሌለበት ቁጥጥር ሰው ይገድላል» ይላሉ። ደሙ የተመረዘ ሕመምተኛ ሰዓታትን መጠበቅ ስለማይችል እውነት አላቸው። ነገር ግን ቁጥጥር መከልከል አይደለም። የመጀመሪያው መርፌ ይሰጥ፤ በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ሰው መዝገቡን ከፍቶ «ይቀጥል ወይስ ይቁም?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ አንድ ፋርማሲስት፥ አንድ ነርስና አንድ ወረቀት ይበቃሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 ያወጣው ምድብም ይረዳል፤ በየስፍራው የሚታዘዘውን ሴፍትሪያክሶንን በጥንቃቄ ከሚጠበቁት መድኃኒቶች ጋራ መድቦታልና።

ዕቅድ አላጣንም። ብሔራዊው ስልት በ2011፥ በ2015ና በ2021 ወጥቷል። የጎደለው የፋርማሲስቱ ሰዓት ነው። መዝገብ የሚያይበት ሰዓት በሥራ ድርሻው ካልተጻፈለትና ካልተከፈለበት፥ ጥናቱ ሲያልቅ ሥራው አብሮ ያልቃል። የጥቁር አንበሳው ጥናት ትልቁ ትምህርት ይህ ሲሆን በርእሱ ላይ አለመታየቱ ያሳዝናል።

ስለዚህ በሚዛን አማን ባለው ማስተማሪያ ሆስፒታል የሚማሩ ጓደኞቻችን በአንድ ክፍል ለአንድ ወር ያህል፥ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ያለምክንያት የቀጠለውን መድኃኒት ቢቈጥሩልን መልካም ነው። ቍጥሩ ከተገኘ በኋላ ስለ ቴፒ የምንከራከረው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።