ምጽዋት የሆነ ዜማ፤ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶች

የጥበብ ሥራ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ፊተኛው እንዴት ተሠራ የሚል ነው፤ ሁለተኛውም ስለ ማን ተሠራ የሚል ነው። የቅኔ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሲሰማ አስቀድሞ ቤቱ መምታቱን፥ ቃሉም መግጠሙን ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምሥጢሩ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል። ቤቱ አምሮ ምሥጢሩ ባዶ የሆነ ቅኔ ለጊዜው ጆሮን ደስ ያሰኛል እንጂ ከጉባኤው ሲወጡ የሚያስታውሰው የለም።

በዛሬ ጊዜ በገዛ ገንዘቡ አልበም የሚያወጣ፥ ትርፍም የማይሻ ሙዚቀኛ ሲገኝ ስለ ፍቅር ብሎ ሠራው ተብሎ ይመሰገናል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ትርፍ አለመፈለግ ብቻውን ጽድቅ አይሆንም፤ ገንዘብን የናቀ ሰው ውዳሴ ከንቱን ሊሻ ይችላልና። ስለዚህ ፍቅሩ ወደ ማን እንደሚሄድ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህም ምርመራ ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ድርሰቶች የሚሻል ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸውም የውብዳር ነበረ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአውሮጳ የተማሩ፥ የጎንደርም ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እኅታቸውም ደራሲዋና የፓርላማ አባል የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው በዚያ ሙዚቃን ተማሩ። ጠላት ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ኮንቶሮቪች ከተባለው የፖሎኝ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ተማሩ። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን ለመፈጸም የነበራቸው ተስፋ በተከለከለ ጊዜ ግን እጅግ አዘኑ፤ ከዚያም ኀዘናቸው ወደ ሌላ መንገድ መራቸው። በወሎ ወደምትገኘው ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ሄደው መነኰሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው እየሄዱ በገዳም ኖሩ።

ከዚያ በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲማሩ የቈሎ ተማሪውን ኑሮ በዓይናቸው አዩ። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቍራሽ የሚለምን፥ ሌሊትም በብርድ የሚያድር ልጅ ምን እንደሆነ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ካህናት ብዙዎቹ ያውቁታል። እማሆይ ለእነዚህ ልጆች የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው እጃቸውና ዜማቸው ነው። ስለዚህ በንጉሠ ነገሥቱ ርዳታ የፒያኖ ድርሰታቸውን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጀርመን አገር በሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውም ለድኾችና ለሙት ልጆች መርጃ እንዲሆን አደረጉ። እንግዲህ ያ ሸክላ ምንጩ የቅኔና የዜማ ተማሪ ረኀብ ነው።

ሥራው ስለ ማን እንደ ተሠራ ይህ ይበቃል፤ ነገር ግን ምጽዋት መሆኑ ብቻ ድርሰቱን መልካም አያደርገውምና እንዴት እንደ ተሠራ ደግሞ ሊመረመር ይገባል። የሚያዳምጥ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ምቱን ነው። የእማሆይ እጅ በቍጥር አይታሰርም፤ አንዱን ድምፅ ያስረዝማል፥ ቀጥሎ ብዙ ጥቃቅን ድምፅ ባንድ ትንፋሽ ያፈሳል፥ ደግሞም ዝም ይላል። ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ላደገ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ከበሮና ጸናጽል ከሚገቡበት ከወረብ በፊት ቁም ዜማ አለ፤ ቁም ዜማም የሚመራው በአዛሚው ትንፋሽና በቃሉ ርዝመት ነው እንጂ በከበሮ ምት አይደለም። ፒያኖው ከአውሮጳ የመጣ ዕቃ ሲሆን በእማሆይ እጅ የሚተነፍሰው ግን በዚህ ሥርዐት ነው። የዜማውም ቀለም ብዙ ጊዜ ከአምስቱ ድምፅ ከአገር ቅኝት የተቀዳ ነው።

ቤት የለሹ መንገደኛ የሚል ትርጓሜ ያለው ስም የተሰጠው ድርሰት ለዚህ ምስክር ይሆናል። በስሙ ሰም አለ፤ ሰሙ በመንገድ ላይ የሚታየው፥ ማደሪያ የሌለው ሰው ነው። ወርቁን ግን ዜማው ይሰጣል። ዜማው አይቸኵልም፥ አያለቅስም፥ ወደ ተነሣበት ሐረግ እየተመለሰ እንደ ገና ይሄዳል። መንገደኛውም መነኵሴው ነው፥ ተማሪው ነው፥ በዚህ ዓለም እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉ ነው። ቃል ሳይኖር ሰምና ወርቅ እንዲህ ሲለይ መስማት ለቅኔ አዋቂ ታላቅ ደስታ ነው።

ይሁን እንጂ ነቀፋ የሌለበት ሥራ አይደለም። በአንዳንዱ ድርሰት ቫልስ የተባለው የአውሮጳ የዳንስ ምት ሲገባ የግራው እጅ እንደ ሰዓት እየመታ የቀኙን እጅ ነጻነት ያስረዋል፤ በዚያን ጊዜ ገዳሙ ይርቅና የባለጸጎች እልፍኝ ይታያል። ደግሞም ሐረጎቹ እየተመላለሱ ስለሚመሳሰሉ አልበሙን ሁሉ ባንድ መቀመጫ የሚሰማ ሰው አንዱን ድርሰት ከሌላው ለመለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ድርሰት ብቻ ሰምቶ ዝም ማለት ይሻላል።

ከሊቃውንት ወገን ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ ቃል የሌለው ዜማ ምን ያስተምራል የሚል ነው። ለዚህ የሳሙኤል መጽሐፍ መልስ አለው፤ ዳዊት በሳኦል ፊት በገና በእጁ ሲመታ ንጉሡ እንዳረፈ ይናገራል እንጂ ምን ቃል እንደ ተናገረ አይገልጽም። ደግሞም የእማሆይ ፒያኖ የማኅሌትን ቦታ አልያዘም፤ የያሬድ ዜማ በቦታው ነው። ሁለተኛው፥ መነኵሲት ሥራዋን ለገበያ ማውጣት ይገባታልን የሚል ነው። የግብጽ በረሓ አባቶች ግን ሰሌን እየታቱ ይሸጡ ነበር፤ ከዋጋውም ድኻ ይመግቡ ነበር። ሰሌኑ በሸክላ ቢለወጥ ነገሩ ያው ነው።

ውዳሴ ከንቱስ እንዳልነበረበት በምን ይታወቃል ቢሉ፥ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ያንጐራጐሩት መዝሙር ምስክር ነው። ያን በቴፕ ሲቀዱት ሰሚ ጉባኤ አልነበረም፤ በድምፁ ውስጥ የወፎች ጩኸት ከውጭ ይሰማል። ስለ አገርና ስለ ናፍቆት የሚናገረው ይህ ሥራ በአልበም የወጣው በ2024 በአውሮጳ አቈጣጠር፥ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ሰሚ ሳይኖር የሚዘምር ሰው ጭብጨባን አይሻም።

ዝናቸውም የመጣው ሳይፈልጉት ነው። ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም 21ኛው ክፍል በ2006 በአውሮጳ አቈጣጠር ከወጣ በኋላ ስማቸው በዓለም ተሰማ፤ እርሳቸው ግን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በመጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያው በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

አሁን ድርሰታቸው በከተማው ቡና ቤትና በየመኪናው ይሰማል፤ በብዙ አገርም ይሸጣል። ሰሚው ግን ደስ ብሎት ያልፋል እንጂ ዜማው ስለ ማን እንደ ተመታ አይጠይቅም። የቈሎ ተማሪ ዛሬም አኩፋዳውን ይዞ በደጅ ይቆማል። እማሆይ ባለ ዕዳ አልነበሩም፤ ያላቸውን ሰጥተው ሄዱ። ዕዳው በሰሚው ላይ ቀርቷል። በገዛ ገንዘቡ አልበም የሚያወጣውም ወጣት ሙዚቀኛ ከእርሳቸው የሚማረው ገንዘብ መናቅን ብቻ አይደለም፤ የሚረዳው ሰው በዓይኑ ፊት ቆሞ ሳለ መሥራትን ነው።