በዱቄት የተያዘ ዝናብ

ዊልሰን ቤንትሌይ ስሙ የተነሳው በበረዶ ቅንጣት ፎቶግራፎቹ ነው፤ ይገባዋልም። በአሜሪካ ቬርሞንት፣ ጄሪኮ በምትባል ገጠር ላም እያለበ የኖረው ይህ ገበሬ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1885 ካሜራና ማይክሮስኮፕ አጣምሮ የመጀመሪያዋን ቅንጣት ሲያነሳ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በዕድሜው ከ5,000 በላይ አነሳ። እሳት በማይነድበት ቤት ቆሞ፣ ቅንጣቷን በቀጭን ስንጥር አንስቶ መስታወት ላይ ያኖራታል፤ በላባ ጫን ያደርጋታል። ትንፋሹ ካገኛት አለቀላት። ባያገኛትም ብዙ አትቆይም፤ ደመና ውስጥ የተሠራችው የውኃ ተን ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ነው፤ በዚያው ብርድ መሐል ደግሞ ሳትቀልጥ ጠርዟ እንደገና ተን እየሆነ ያልቃል።

እኔን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ የዱቄቱ ሥራ ነው።

የዝናብ ጠብታ ምን ያህል ታክላለች? ስትወርድ ዓይን አይደርስባትም፤ መሬት ስትነካ ትፈርጣለች። ቤንትሌይ ከ1898 ጀምሮ ዝርግ ሳህን ላይ የላመ ዱቄት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይነሰንስ ጀመር። አይጠቀጥቀውም፤ ጠብታዋ ሳትበታተን እንድትሰምጥ መላላት አለበት። ሳህኑን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ዝናብ ላይ ያወጣና ይመልሰዋል። ትንሽ ቢያቆየው ጠብታ በጠብታ ላይ እየወደቀ ሁሉም ሊጥ በሆነ ነበር። በጊዜው ከተነሳ ግን እያንዳንዷ ጠብታ በዙሪያዋ ያለውን ዱቄት አርሳ አንዲት የሊጥ እንክብል ትሠራለች። እስክትደርቅ ይጠብቃል፣ ለቅሞ ያወጣታል፣ ይለካታል።

እንክብሏ የጠብታዋ ትክክለኛ ልክ ለመሆኗስ ምን ማረጋገጫ አለ? ከመጥረጊያ ስንጥር ጫፍ ላይ ጠብታ አንጠልጥሎ ስፋቷን ለካ፤ ከከፍታ ዱቄቱ ላይ ጣላት፤ ከዚያ የደረቀችውን እንክብል ለካ። ልካቸው ተቀራረበ። ይህን ሰው የማከብረው እዚህ ላይ ነው፦ መለኪያውን ራሱን ሳይለካ ዝናብ ለካሁ አላለም።

እስከ 1904 ድረስ ከ70 ዝናቦች 344 ልኬቶች ሰበሰበ። ትልልቆቹ ጠብታዎች ስፋታቸው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጠጋ ነበር። ከልኬቱ ጎን ደመናው ምን ዓይነት እንደነበረና መብረቅ መኖር አለመኖሩን እየጻፈ፣ ዝናብ ሁለት መነሻ ሊኖረው እንደሚችል ደረሰበት፦ አንዱ ሰማይ ላይ በረዶ ሆኖ ተፈጥሮ ሲወርድ የሚቀልጥ፣ ሌላው በረዶ ሳይሆን ከደመናው ጥቃቅን ጠብታዎች መዋሐድ የሚገኝ። የዛሬው የደመና ሳይንስም ሁለቱንም ያስተምራል። ጽሑፉ በዚያው ዓመት «መንዝሊ ዌዘር ሪቪው» ላይ ታተመ፤ ለረጅም ጊዜም ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ዱቄቱ ግን ሥራ አልፈታም። በ1943 ሎውስና ፓርሰንስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በዚያው ዘዴ ጠብታ ይዘው፣ የደረቁትን እንክብሎች በወንፊት ለይተው መዘኑ፤ ዝናብ በበረታ ቁጥር ጠብታው እንዴት እንደሚተልቅ አሳዩ። ዝናብ አፈርን የሚመታበት ኃይል በኋላ የተሰላው በእነሱ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚያ የወጣው የአፈር መሸርሸር ቀመርም በ1980ዎቹ በስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እጅ ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተስተካክሎ፣ የደጋው ማሳ በየክረምቱ ምን ያህል አፈር እንደሚያጣ ለመገመት ሲያገለግል ቆይቷል።