ከድንኳን ወደ ግንብ፦ ፋሲል ግቢን ማንበብ

እኛ የሐይቅ ሰዎች ነገሥታትን የምናስባቸው በድንኳን ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበ ምኔት በዓቃቤ ሰዓትነት ከንጉሥ ጎን በሚቆምበት ዘመን ቤተ መንግሥት ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚተከል ሰፈር ነበር። ስለዚህ የጎንደሩን ፋሲል ግቢ እንደ ድርሰት ሳነበው ቀድሞ የሚጎላልኝ ጭብጥ መቀመጥ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ድንኳኑን በድንጋይ ተኩ።

በመዋቅሩ ግን የአንድ ደራሲ ሥራ አይደለም። በ7 ሄክታር ቅጥር ውስጥ፣ በ12 በሮች የሚዘለቅ፣ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ምዕራፍ የጨመረበት ጥራዝ ነው። መቅድሙ የፋሲለደስ ግንብ ነው፤ ከዳዊት የመዝሙር አዳራሽና ከበካፋ የግብር ቤት ይልቅ እሱ ጋ መቆየት ያዋጣል። በአራቱም ማዕዘን የቆሙት ክብ ማማዎች ጉልላታቸው እንቁላል ስለሚመስል «እንቁላል ግንብ» ተብሏል። ከባዱን ጥቁር ድንጋይ በክብ መስመር የሚያቀልል እጅ ተራ እጅ አይደለም። በዘይቤው የፖርቱጋልና የህንድ አሻራ ይነበባል። ንጉሡ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ ሃይማኖታቸውን ሸኝተው ኖራቸውን አስቀሩ። ይህን ምፀት ሳያስተውል «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ብሎ የሚያልፍ አንባቢ የቤተ እስራኤልን ግንበኞች ድርሻ ይዘላል።

ጉድለቱ በመሐል ምዕራፎች ይታያል። የታላቁ ኢያሱ ግንብ በ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቦምብ ስለተጎዳ፣ ተራኪው መሐል ላይ ድምፁ ይቆረጣል። ጣሊያኖች በሲሚንቶ ያደረጉት ጥገናም ባዕድ ሰዋስው ነው፤ ኖራው ይተነፍስ ነበር፣ ሲሚንቶው ግን አያስተነፍስም። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሩ ግቢውን አስከብሮታል፤ ከከተማው ኑሮ ግን በቲኬት በር ለይቶታል። የምወቅሰው ክፍያውን አይደለም፤ ጥበቃ ገንዘብ ይፈልጋል። የምወቅሰው፣ ፒያሳ ላይ ቡና የሚጠጣው ጎንደሬ ግንቡን ከውጭ ብቻ እያየ መኖሩን ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ገጽ ከቅጥሩ ውጭ፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው የፋሲል መዋኛ ነው። በጥምቀት ውኃው ይሞላል፤ ታቦት ያድርበታል፣ ሲነጋ ሕዝቡ ይገባበታል፤ ግንቡን ጨምድደው የያዙት የዛፍ ሥሮችም ተመልካች ይመስላሉ። እዚህ ተደራሲው ራሱ የሥራው አካል ነው። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. በዓሉ ላይ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ለድንጋዩ የሚደረገው ጥንቃቄ ለእንጨቱም ይገባው ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ውኃው ይለቀቃል፤ ገንዳው እስከሚቀጥለው ጥር ደርቆ ይከርማል።