ጆንያው
የአእምሮ ሕመም ያለበትን የጎዳና ተዳዳሪ መርዳት የሚጀምረው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ከመቀመጥ ነው። ቆሞ ቁልቁል የሚያናግር ሰው ደንብ አስከባሪ ይመስላል። ሥራውን የለመደ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሕመም አያነሳም፤ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሻይና ዳቦ ይጋብዛል፣ ይሄዳል። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ሰውየው ስሙን እስኪናገር ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። እስከዚያው ሰፈሩ ባወጣለት ቅጽል አይጠራም፤ ብዙ ጊዜ መሳለቂያ ነውና።

ከጎኑ የማይለየው ጆንያ ለአላፊ አግዳሚ ቆሻሻ ነው። ውስጡ ግን ዳሩ የተበላ መታወቂያ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የእናት ፎቶ ሊኖር ይችላል። ፌስታልና ጨርቅ ብቻ ቢሆንም ንብረት ነው። ማዕከል በገባበት ዕለት ጆንያው ተቃጥሎ፣ ፀጉሩ በግድ ተላጭቶ የሚታጠብ ሰው፣ ንጹሕ ይሆናል እንጂ ታከመ አይባልም፤ በር ሲከፈት ቢጠፋ አይገርምም። ጆንያው ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ። መቀሱም መጀመሪያ ይታይ፣ ከየት በኩል እንደሚጀመር ይጠየቅ።

ቀን የሚተኛን ሰው «ሕመሙ ነው» ማለት ይቀናል። ሌሊት ዝርፊያና ድብደባ ባለበት ጎዳና ግን ነቅቶ አድሮ ቀን ማሸለብ የጤነኛ ስሌት ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ መደፈር አለ፤ ሳትታጠብ የምትቆይ ሴት ሰው እንዳይቀርባት ብላ ሊሆን ይችላል። ገላዋን እንድትታጠብ ከመጋበዝ በፊት የምታድርበትን ማሰብ ይቀድማል።

መድኃኒትም ከዚህ ሌሊት ጋር መታረቅ አለበት። ክሎርፕሮማዚን ከባድ እንቅልፍ ያመጣል፤ ነቅቶ ማደር ላለበት ሰው ይህ አደጋ ነው። እንክብሉ ይረጥባል፣ ይሰረቃል። ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠውን ሴት አደራ ይላሉ፤ ሲጠፋም ሲብስበትም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ይቀላል፤ ግን አንገት ሲያደርቅና እጅ ሲያንቀጠቅጥ፣ ቀድሞ ያልተነገረው ሰው መመረዙን ያምናል፣ ሁለተኛ አይገኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ 217 የጎዳና ነዋሪዎችን አይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከ10ሩ 4ቱ ያህል ሳይኮሲስ እንዳለባቸው፣ ከግማሽ በላይ ደግሞ በጎጂ ሁኔታ እንደሚጠጡ አሳይቷል። «አረቄውን ተው፣ ከዚያ እንረዳሃለን» የሚለው ቅድመ ሁኔታ እንግዲህ ብዙውን ሰው ከበር የሚመልስ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ሳም ሰምቤሪስ በ1992 እ.ኤ.አ. የጀመረው አሠራር ይህን ገልብጦ ቤቱን አስቀደመ፦ መጠጥ መተውም መድኃኒት መውሰድም ለቁልፉ ቅድመ ሁኔታ አልሆኑም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት በቀላሉ አይገኝም፤ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከላት የሚያነሱት በአቅማቸው ልክ ነው። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ስለኖረ መደበቁ ይቀላል። ቢሆንም ታማሚውን ወዴት እንደሚሄድ ዋሽቶ መኪና ላይ ማሳፈር የወራትን ሰላምታ በአንድ ቀን ያፈርሳል። ጸበል እፈልጋለሁ ካለም ክርክር አያስፈልግም፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ።

ከሁሉ የሚከብደው ወደ ቤተሰብ መመለሱ ነው። ቤተሰቡ አልቅሶ የተወው፣ ወይም በሰንሰለት አስሮት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በቅድሚያ ተደውሎ የሚፈሩት ይሰማል። የቅርቡ ጤና ጣቢያ መርፌውን ይሰጥ እንደሆነ ይጣራል። ከዚያ አንድ ሰው መናኸሪያ ድረስ ሳይሆን ቤት ድረስ አብሮት ይሄዳል። ጆንያውም አውቶቡሱ ላይ ይጫናል።