ሰማንያ ሰባት ዓመት ከየት ይቆጠራል?

በ2010 ይፋ የሆነውና (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ40 በላይ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መስፈርት በእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ያስነሣው ጭቅጭቅ ዒላማውን የሳተ ነበር። ተቺዎች የተረባረቡት በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ተማሪው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ከንባቡ 70 በመቶው መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ይሁን መባሉ ልቦለድንና ግጥምን ከክፍል ያባርራል አሉ። ቁጥሩ ግን የታሪኩንና የሳይንሱን ክፍል ንባብ ጭምር ደምሮ የያዘ ነው፤ ሰነዱም ይህንኑ ይናገራል። ሊመረመር ሲገባው የታለፈው ከመስፈርቱ ጋር አብሮ የተስፋፋው ጥልቅ ንባብ የተባለው የማስተማር ስልት ነው።

የስልቱ ሥር ሩቅ ነው። አይ. ኤ. ሪቻርድስ ግጥሞችን ያለ ገጣሚዎቻቸው ስም ለካምብሪጅ ተማሪዎች አድሎ የጻፉትን አስተያየት የተነተነበት የ1929 መጽሐፉ ከቀደምት ምንጮቹ አንዱ ነው። ወደ አሜሪካ ክፍሎች የገባበት ምክንያትም በጎ ነበር፤ መምህሩ ስለ ጽሑፉ ሲያወራ፣ ተማሪው «ምን ተሰማህ?» ተብሎ ስለ ራሱ ሲናገር፣ ጽሑፉ ሳይነበብ የሚደወልበት ክፍል ብዙ ነው። «ይህን ያልከው ከየትኛው መስመር ተነሥተህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ያስገኘው ጥቅም ሊካድ አይገባም። ስልቱ የተበላሸው «ከጽሑፉ ተነሣ» ማለት «ከጽሑፉ በቀር ምንም አትያዝ» ወደ ማለት ሲያዘነብል ነው።

የመስፈርቱ ዋና አርቃቂዎች ያቋቋሙት ድርጅት ለመምህራን ያሰራጨው የጌቲስበርግ ንግግር ማስተማሪያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን በሰሜንና በደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል በ1863 ያደረገው ንግግር 270 ያህል ቃላት ብቻ ስላሉት ቃል በቃል ለመመርመር ይመቻል። ማስተማሪያው መምህሩ የታሪክ ዳራውን አስቀድሞ እንዳያብራራ፣ ተማሪው በጽሑፉ ብቻ እንዲመረኮዝ ይመክራል። ሆኖም በንግግሩ ውስጥ ጌቲስበርግ የሚል ስም የለም፤ ባርነት በስሙ አልተጠቀሰም፤ ሰሜንም ደቡብም አልተጠሩም። ዝምታን ለማስተዋል የተዘለለውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከጽሑፉ ውጭ ዕውቀት ያልተሰጠው ተማሪ የጎደለ ነገር መኖሩን በምን ይለያል? የቁጥሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሊንከን ንግግሩን የሚከፍተው 87 ዓመት ወደኋላ ቆጥሮ ነው። ቀንሶ 1776 ላይ መድረስ ማንንም አይከብድም፤ የሚከብደው ለምን እዚያ እንደቆመ መመለስ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የተረቀቀው በ1787 ነው። ጠበቃው ሊንከን መንግሥቱ የቆመበትን ሰነድ አልፎ የነጻነት መግለጫውን የአገሪቱ ልደት አደረገው፤ ሕገ መንግሥቱ ከባርነት ጋር ተቻችሎ የኖረ ሲሆን መግለጫው ግን የሰውን እኩልነት ያወጀ ነበርና። ጋሪ ዊልስ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ሊንከን በዚህ ንግግር የአገሪቱን መሠረት እንደ አዲስ ተረጎመው ብሎ ተከራክሯል። ስለ 1787 ምንም ላልሰማ ተማሪ ግን መክፈቻው ያማረ የዓመት ቆጠራ ከመሆን አያልፍም። በአንድምታ የሠለጠነ መምህር «ታሪኩን ሳታመጣ ንባቡን ተርጉም» ቢባል ትእዛዙ ራሱ የሚገባው አይመስለኝም።

የስልቱ ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ የእኩልነት ነው፤ ዳራው ከተነሣ ከቤቱ ዕውቀት ይዞ የመጣው ይናገራል፣ ያልያዘው ዝም ይላል፤ ስለዚህ ሁሉም ከባዶ ይጀምር ይላሉ። ከባዶ የሚጀምር አንባቢ ግን የለም። ሬክትና ሌስሊ በ1988 ባሳተሙት ጥናት 64 ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አንብበው የተረዱትን እንዲያሳዩ ተደረገ፤ ንባብ ቢከብዳቸውም ጨዋታውን የሚያውቁት፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ክፍሉ የነፈገውን ዳራ የተማሩ ወላጆች ያሉት ልጅ ማታ ቤቱ ያገኘዋል፤ ሌላው የትም አያገኘውም። ዕውቀትም የባለጸጋ ቤት ብቻ ንብረት አይደለም። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ያደገች የኢትዮጵያውያን ልጅ ዳዊት ሲደገም እየሰማች ካደገች፣ የሰው ዕድሜ ሰባ፣ ቢበረታም ሰማንያ መሆኑን ታውቃለች። ሊንከን ዓመታቱን በሃያ በሃያ የቆጠረበት አነጋገር የዚያኑ መዝሙር የቆየ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስተጋባል፤ 87 ሲል አገሪቱ ከአንድ ሰው ዕድሜ ማለፏን፣ ምሥረታዋን በዓይኑ ያየ ምስክር ማለቁን እየተናገረ ነው። መምህሩ ከጽሑፉ ውጭ ያለውን ባይከለክል ይህን ለክፍሉ የምታስረዳው እሷ ነበረች።

የሚማሩትን ማን ይምረጥ የሚለው ተቃውሞ ሁልጊዜ ይከተላል። ኢ. ዲ. ሂርሽ በ1987 መጽሐፉ ጀርባ ያያያዘው የሺዎች ስያሜ ዝርዝር የተተቸው በተገቢው ነው፤ ዝርዝር ይሸመደዳል እንጂ አይነበብም። ያለ ዕውቀት ንባብ የለም ያለው ግን ትክክል ነበር። ኮመን ኮር ራሱ በይዘት የበለጸገ ሥርዓተ ትምህርት እንዲታከልበት በግልጽ ያሳስባል፤ ከሰነዱ ሁሉ እጅግ የተዘነጋው ቃል ይህ ሳይሆን አይቀርም። ምርጫው ደግሞ የሚሸሹት ነገር አይደለም፤ መምህሩ ካልመረጠ የፈተና አዘጋጁ ይመርጣል፤ እሱም የሚመርጠው እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቁንጽል ምንባቦችን ነው። ለእኔ ከጌቲስበርግ ንግግር ጎን መቀመጥ ያለበት ፍሬድሪክ ዳግላስ ጁላይ 5 ቀን 1852 በሮቸስተር ያደረገው ንግግር ነው። በባርነት ተወልዶ ያመለጠው ይህ ታላቅ ተናጋሪም ከ1776 ይቆጥራል፤ 76 ዓመት ይላል፤ ያንኑ የመዝሙሩን ሰባ ዓመት ጠቅሶ፣ ይህ ለሰው ሽምግልና ቢሆንም ለአገር ገና ልጅነት ነውና ተስፋ አለ ብሎ፣ ኋላ ደግሞ የነጻነት በዓሉ ለባሪያው ምኑ እንደሆነ ይጠይቃል። ሊንከን ከዚያው ዓመት የቆጠረው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። የዳግላስ ንግግር ረጅም ነው፤ ሙሉው ይነበብ ከተባለ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ጥልቅ ንባብም እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ አንደኛው በስሙ የጠራውን ባርነት ሌላው ለምን ሳይጠራው እንዳለፈ፣ ተማሪዎች ከሁለቱም ጽሑፎች መስመር እየጠቀሱ መከራከር ይችላሉ።